ሁመሩን ከመቁረጣችሁ በፊት

(በድሬዳዋ ለኦቾሎኒ አምራቾች፣ ለነጋዴዎችና ለተማሪዎች በተዘጋጀ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር። እንደተነገረ የቀረበ።)

እንደምን ዋላችሁ! አሰላሙ አለይኩም! አካም ጅርቱ! ነበድ!

ከባቢሌ፣ ከጉርሱምና ከፈዲስ በዚህ ፀሐይ የመጣችሁ ገበሬዎች፣ ከቀፊራና ከታይዋን ገበያ ሱቃችሁን ዘግታችሁ የመጣችሁ ነጋዴዎች፣ ከኋላ የቆማችሁ ተማሪዎች፣ እናቶቼ፣ አባቶቼ፣ እህት ወንድሞቼ፣ ስለመጣችሁ ከልቤ አመሰግናለሁ። ማራገቢያው ከእኔ በላይ ይጮኻል። ድምፄ ያልደረሰው ሰው እጁን ያውጣ፣ እኔ እጮኻለሁ።

አዘጋጆቹ ርዕሱን ሲሰሙ ሳቁብኝ። «ስለ ነቀዝ ብቻ ነው የምታወራው?» አሉኝ። አዎ፣ ስለ ነቀዝ ብቻ። እንዲያውም ስለ ነቀዝ ሁሉ አይደለም። ስለ አንዲት ነቀዝ ነው።

ለምን መሰላችሁ? በቅርቡ አንድ የማውቀው ነጋዴ ደወለልኝ። ከመጋዘኑ ጀርባ ትልቅ የሁመር ዛፍ አለ። ሮቃ የምትሉትም አላችሁ፣ በእንግሊዝኛ ታማሪንድ የሚባለው፣ ያው እሱ ነው። ሰውዬው ኦቾሎኒው በየዓመቱ ይነቅዝበታል። አንድ ሰው ደግሞ «ነቀዙ የሚመጣው ከዛፉ ነው» ብሎታል። «መጥረቢያ የያዙ ልጆች ቀጥሬያለሁ፣ ምን ትላለህ?» አለኝ። እኔም «በአላህ፣ ትንሽ ቆይ!» አልኩት። «እስከ መቼ?» አለኝ። «እስከ ስብሰባው» አልኩት። ሰውዬው ዛሬ እዚህ መሃላችን ተቀምጧል። ስሙን አልናገርም፣ ግን እየሳቀ ነው። (ሳቅ)

እንግዲህ ለእሱ የምነግረውን ለሁላችሁም ልናገር። ሦስት ነገር አነሳለሁ። አንደኛ፣ ይቺ ነቀዝ ማን ናት? ሁለተኛ፣ ከየት ነው የምትመጣው? ሦስተኛ፣ ምን እናድርጋት? ሁለተኛው ላይ እረዝማለሁ፣ ከአሁኑ ይቅርታ።

አንደኛውን ልጀምር።

እኛ ነቀዝ ስንል ሁሉንም አንድ ላይ እንጨፈልቀዋለን። የበቆሎውም ነቀዝ ነው፣ የሽምብራውም ነቀዝ ነው፣ የኦቾሎኒውም ነቀዝ ነው። ግን አይደለም። የበቆሎው ነቀዝ አፉ ሹል ሆኖ ወደ ፊት የወጣ ነው። እሱ ሌላ ወገን ነው። ዛሬ የማወራላችሁ በፍሬ ውስጥ ተወልደው በፍሬ ውስጥ ስለሚያድጉ ጢንዚዛዎች ነው። በዓለም ላይ ወደ 1,700 የሚጠጉ ዓይነቶች ተመዝግበዋል። አብዛኞቹ የሚበሉት የአንድን የዕፅዋት ቤተሰብ ፍሬ ነው። ባቄላ፣ አተር፣ ሽምብራ፣ ግራር፣ ሁመር፣ ኦቾሎኒ... እነዚህ ሁሉ ዘመዳሞች ናቸው። ማሳ ላይ ያለው ኦቾሎኒና ከሰው በላይ የሚቆመው ግራር ዘመድ ናቸው ብላችሁ ታምናላችሁ? ነቀዞቹ ግን ያውቃሉ። ከእኛ በፊት ነው ያወቁት።

ደግሞ በጣም መራጮች ናቸው። ዳንኤል ጃንዘን የሚባል አሜሪካዊ ተመራማሪ ኮስታ ሪካ ውስጥ በአንድ ደረቅ ደን ለዓመታት ፍሬ እየለቀመ ከየፍሬው ምን እንደሚወጣ ይመለከት ነበር። ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ1980 አወጣው። ፍሬ በሚበሉ 110 ያህል የጢንዚዛ ዓይነቶች ላይ ነው የሠራው። ከአራቱ ሦስቱ ያህል አንድ የዕፅዋት ዓይነት ብቻ ነበር የሚበሉት። አንድ ብቻ! አጠገቡ ያለውን ሌላ ፍሬ ዞር ብለው አያዩትም።

የእኛዋ ግን ከዚህ ትለያለች። ብዙ ቤት አላት። መከራውም ከዚህ ይጀምራል።

ስሟ በሳይንሱ ካርየዶን ሴራተስ ይባላል። ኦሊቪየር የሚባል ፈረንሳዊ እ.ኤ.አ. በ1790 ነው የመዘገባት። ቁመቷ ከ4 እስከ 7 ሚሊ ሜትር ቢሆን ነው። ቀይ ቡናማ ናት፣ ላይዋ ላይ ጥቋቁር ነጠብጣብ አለ። የኋላ ጭኗ በጣም ወፍራም ነው፣ ከስሩም እሾህ የመሰሉ ጥርሶች ተደርድረዋል። ቀን ቀን ትደበቃለች። ለዚህ ነው መጋዘን ገብታችሁ «ምንም የለም» ብላችሁ የምትወጡት።

አሁን በደንብ አድምጡኝ፣ ምክንያቱም ዋናው ነገር ኑሮዋ ላይ ነው። እናቲቱ እንቁላሏን የምትለጥፈው ከነቅርፊቱ ባለው ኦቾሎኒ ላይ ነው። ከእንቁላሉ የሚፈለፈለው እጭ፣ ማለትም ትሉ፣ ወደ ውጭ አይወጣም። በእንቁላሉ ስር አድርጎ፣ ቅርፊቱን በስቶ፣ ቀጥታ ወደ ፍሬው ይገባል። እዚያው አንዱ ፍሬ ውስጥ እየበላ ያድጋል። ሲጠግብ ክብ ቀዳዳ ከፍቶ ይወጣና ነጣ ያለ፣ ስስ ወረቀት የመሰለ ድር በላዩ ይሠራል። እዚያ ውስጥ ተኝቶ ይለወጣል። ከዚያ ነቀዝ ሆኖ ይወጣል። በሚመቻት ሙቀት፣ ማለትም ከ30 ዲግሪ ትንሽ ከፍ ባለበት ቦታ፣ ይህ ሁሉ ስድስት ሳምንት ያህል ቢፈጅ ነው። ከ30 ዲግሪ ትንሽ ከፍ ያለ ሙቀት የት አለ? (ሳቅ) አዎ፣ ለእሷ ድሬ ገነት ናት።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። የኦቾሎኒ ቅርፊት ከብዙ የመጋዘን ተባዮች ይጠብቃል። የዱቄት ጢንዚዛው፣ የእሳት ራቶቹ እጭ፣ እነሱ የሚወዱት የተፈለፈለውን ወይም የተሰበረውን ነው። ቅርፊቱ ደህና ከሆነ አይደፍሩትም። ይቺኛዋ ግን ደህናውን ቅርፊት ትደፍራለች። «ሳይፈለፈል ይቀመጥ፣ ምንም አይነካውም» የሚለው ምክር ለሌሎቹ ልክ ነው። ለእሷ ግን አይሠራም።

እኔ ያደግኩት መጋላ ነው። እናቴ፣ ነፍሷን ይማር፣ የተቆላ ኦቾሎኒ በጣሳ ትሸጥ ነበር። ከትምህርት ቤት ስንመለስ ሥራችን የነቀዘውን መለየት ነበር። አንዷን የነቀዘች ፍሬ ካሳለፍን ትጣራለች። «ይቺን ማን አሳለፋት?» ትላለች። ሁላችንም ዝም። እሷ ግን ዝም ብላ አልነበረም የምትቆጣው። «ደንበኛ አንዷ መራራ ፍሬ አፉ ውስጥ ከገባች ጣሳውን ሙሉ ነው የሚረግመው» ትል ነበር። ኬሚስትሪ አልተማረችም። ግን ልክ ነበረች። ነቀዝ የገባበት ኦቾሎኒ ዘይቱ ይበላሻል፣ ይመራል። ከዚያ የሚብሰው ደግሞ በዓይን የማይታየው ነው። ቀዳዳው ለሻጋታ በር ይከፍታል። እጩ ሲበላና ሲተነፍስ ቦታው ይሞቃል፣ ይረጥባል። አስፐርጊለስ የሚባለው ሻጋታ ይህን ሲያገኝ አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ያመርታል። አፍላቶክሲን ጉበት የሚጎዳ፣ የጉበት ካንሰር የሚያመጣ መርዝ ነው። ብትቆሉትም ሙሉ በሙሉ አይጠፋም። ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ያሉ ተመራማሪዎች በዚህ በእኛ አካባቢ ኦቾሎኒ ላይ የሠሩት ጉዳይ ስለሆነ ብዙዎቻችሁ ስሙን ሰምታችኋል። ስለዚህ የነቀዘውን ለቅማችሁ «ለቤት እንብላው» አትበሉ። እባካችሁ አትበሉ። ፈጭታችሁም ለልጅ አትስጡ።

ወደ ሁለተኛው ልለፍ። ከየት ነው የምትመጣው?

እስቲ ልጠይቃችሁ። ኦቾሎኒ የማን አገር ተክል ነው? ማን ይመልሳል? «የባቢሌ!» አለ አንዱ። (ሳቅ) ወንድሜ፣ ልብህን ወድጄዋለሁ። ግን የደቡብ አሜሪካ ነው። ወደ አፍሪካ የገባው ፖርቹጋሎች ውቅያኖስ መሻገር ከጀመሩ በኋላ ነው፣ ከ500 ዓመት አይበልጥም። ታዲያ ነቀዟ ከሱ ጋር መጣች? አልመጣችም። ደቡብ አሜሪካ ኦቾሎኒ ላይ አልነበረችም። እሷ እዚህ በእኛው በኩል፣ አፍሪካና እስያ ውስጥ፣ ዛፍ ላይ ነበር የምትኖረው። ሁመር ላይ ነበረች። ፒሊዮስቲግማ የሚባለው፣ ቅጠሉ ከመሃል ለሁለት የተከፈለ ዛፍ ላይ ነበረች። ሌሎችም የቆላ ዛፎች አሏት። ከዚያ የሰው ልጅ አንድ አዲስ ፍሬ አመጣላት። ቅርፊት አለው። ውስጡ ቅባት የሞላበት ፍሬ አለው። አንድ ቦታ ተከምሮ ለወራት ይቀመጣል። ዛፍ ላይ ፍሬ ፍለጋ ስትዞር የኖረች ነቀዝ እንዲህ ያለ ድግስ ብታገኝ ምን ታደርጋለች? እናንተስ ብትሆኑ?

ስለዚህ ለነጋዴው ወዳጄ የነገረው ሰው ከሜዳ ተነስቶ አላወራም። ነቀዟ የዛፍ ልጅ ናት። ይህ እውነት ነው። ግን ቆይ። ግማሽ እውነት ይዞ መጥረቢያ ማንሳት ደግ አይደለም።

ሴኔጋልን ልንገራችሁ። ሴኔጋል ኦቾሎኒ ለአገሩ ትልቅ ነገር ነው፣ ለእኛ ቡና እንደሆነው። እዚያ ይቺ ነቀዝ ኦቾሎኒ ላይ መታየቷ የተመዘገበው ገና በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ነው። ከብዙ ዓመት በኋላ ተመራማሪዎች ቁጭ ብለው አንድ ጥያቄ ጠየቁ። ኦቾሎኒውን የምትበላው ከየትኛው ዛፍ የመጣችው ናት? ከሁመር ለቀሙ። ከፒሊዮስቲግማ ለቀሙ። ከሌሎቹም ዛፎች፣ ከኦቾሎኒውም ለቀሙ። ዘረመላቸውን አወዳደሩ። ውጤቱ ምን ሆነ? በዓይን ስታዩዋቸው አንድ ናቸው፣ በዘር ግን እንደየዛፋቸው ተለያይተዋል። ከኦቾሎኒዋ ጋር በጣም የተቀራረበችው ደግሞ የፒሊዮስቲግማዋ ነበረች። የሁመሯ አይደለችም!

ገባችሁ? ሴኔጋል ውስጥ አንድ ነጋዴ ሁመሩን ቆርጦ ቢሆን ኖሮ ዛፉም ይሄዳል፣ ነቀዟም ትቀጥላለች። ጥላውን ያጣል፣ ኦቾሎኒውንም ያጣል።

እንዲያም ሆኖ ሁመርን ሙሉ በሙሉ ነፃ አላወጣውም። የሁመሯ ነቀዝ ኦቾሎኒ ላይ እንቁላል መጣል ትችላለች። ይህን በዓይኔ አይቼዋለሁ። አስተማሪ በነበርኩበት ጊዜ ከተማሪዎቼ ጋር ያልተፈለፈለ ሁመር በጠርሙስ አድርገን አፉን በሻሽ አሰርን። ቆይተን ስናይ ነቀዝ ሻሹ ስር ይሄዳል። ልጆቹ ጮኹ! እኛ ያስገባነው ፍሬ ብቻ ነው፣ ነቀዙ ከየት መጣ? ውስጡ ነበራ! ከዚያ የተወሰኑትን ከኦቾሎኒ ጋር አደረግናቸው። እንቁላል ለጠፉ። ስንቱ እጭ አድጎ ነቀዝ እንደሚሆን ለማየት በጉጉት ስንጠብቅ፣ የጽዳት ሠራተኛዋ «የነቀዘ ኦቾሎኒ ምን ያደርግላችኋል?» ብላ ደፋችው። (ሳቅ) እሷም እውነቷን ነው። ጥሩ እናት እንደዚያ ነው የምታደርገው።

አሁን ወደ መጋዘኑ እንመለስ። ወዳጄ፣ ሄጄ መጋዘንህን አይቼዋለሁ። ዛፉ ውጭ ነው። ግን ውስጥ ምን አገኘሁ? በአንድ ጥግ ኦቾሎኒ ተደርድሯል። ከእሱ አጠገብ፣ በክንድ ርቀት፣ ለጁስ ቤቶች የሚሸጥ ሁመር ከነቅርፊቱ በጆንያ ተቀምጧል! ለፆም ጊዜ ብሎ ያስቀመጠው ነው። ረመዳን ሲመጣ የሁመር ጁስ ገበያው ስለሚደራ። ታዲያ አንተ ውጭ ያለውን ዛፍ ልትቆርጥ መጥረቢያ ታስላለህ፣ ፍሬውን ግን ከነቀዙ ለቅመህ ራስህ ቤት አስገብተኸዋል። እሷን በእግሯ እንድትመጣ እንኳን አላደከምካትም፣ በጋሪ ነው ያመጣሃት! (ሳቅ፣ ጭብጨባ)

ሁለቱን ለዩዋቸው። ሁመርና ኦቾሎኒ በአንድ ክፍል አይደሩ። ሁመሩን የምትሸጡ ሰዎች ቶሎ ፈልፍሉት፣ ዘሩን አውጡት። እጩ የሚኖረው ዘሩ ውስጥ ነው። ነጋዴውም ገበሬውም ይህን አንድ ነገር ብቻ ይዞ ቢሄድ የዛሬው ሙቀት ይካሳል።

እዚህ ላይ ትንሽ ወደ ጎን ልውጣ። ስለ ዛፍና ስለ ነቀዝ ካነሳሁ ስለ ፍየል ሳላወራ መሄድ አልችልም።

ደቻቱ ወንዝ አሸዋው ላይ ፍየሎች ከግራር ስር የወደቀውን ፍሬ ሲለቅሙ ሁላችሁም አይታችኋል። ግራርም የራሱ ነቀዞች አሉት። ብሩኪዲየስ የሚባሉ፣ ከኦቾሎኒዋ ያነሱ ናቸው። ፍሬው ገና ዛፉ ላይ ሳለ እንቁላል ይጣልበታል፣ ሲወድቅ እጩ ውስጥ ነው። ፍየሏ ቶሎ መጥታ ከበላችው ምን ይሆናል? እጩ ገና ትንሽ ከሆነ በማኘኩና በሆዷ ውስጥ ይሞታል። ከዘሩ የተወሰነው ግን ሳይሰበር አልፎ በበጠጡ ይወጣል፣ ይበቅላል። ፍየሏ ዘግይታ ከመጣች ግን ነቀዙ ዘሩን ጨርሶ ወጥቷል። ይህ ወሬ አይደለም። በእስራኤል በረሃ በሚዳቋ፣ በምሥራቅ አፍሪካም በዱር እንስሳት ላይ ተጠንቷል። «ፍየል ግራር አጠፋች» እያልን ስንረግማት፣ አንዳንዴ ዘሩን ከነቀዝ የምታድነው እሷ ናት። ችግኙን ስትግጥ ግን ዝም በሏት አልልም!

ይህን ያነሳሁት በምክንያት ነው። ከስብሰባው በፊት አንድ ተማሪ መጥቶ ጥሩ ጥያቄ ጠየቀኝ። «ነቀዝ ፍሬ የሚያጠፋ ከሆነ፣ ፕሮሶፒስ ላይ ለምን አንለቅም?» አለኝ። አያችሁ ጭንቅላት! ፕሮሶፒስ፣ ያ ከውጭ የገባው እሾሃማ ዛፍ፣ ድሬዳዋ ዙሪያ ምን እንዳደረገ ለእናንተ አልነግራችሁም። ግጦሹን ዘጋ፣ መንገዱን ዘጋ። ልጁ ያሰበውን ደቡብ አፍሪካዎች አስበውታል። እ.ኤ.አ. በ1987 አልጋሮቢየስ ፕሮሶፒስ የሚባል ነቀዝ ከአሜሪካ አምጥተው ለቀቁ። በ1993 ሌላ ጨመሩ። ነቀዞቹ ዘር የሚበሉት የፕሮሶፒስን ብቻ ስለሆነ ሌላ ሰብል ይነካሉ ተብሎ አልተፈራም። ዛፉን ሳይሆን ዘሩን ብቻ የሚያጠፋ የመረጡትም ሆን ብለው ነው። ፍሬው ለከብት መኖ፣ እንጨቱም ለማገዶ ይጠቅማቸው ነበር።

ሠራ? ብዙ አልሠራም። ለምን? ፍየሉና በጉ ነቀዙን ቀደሙት! ፍሬው እንደወደቀ ይበሉታል፣ ዘሩን ሩቅ ወስደው ይጥሉታል። ነቀዙ ሲደርስ ማዕዱ ተነስቷል። ከብት የማይደርስበት ቦታ ላይ ነቀዙ ደህና ሠርቷል። ስለዚህ ልጄ፣ ሐሳብህ ጥሩ ነው፣ ግን እኛ አገር ፍየሉን ማን ይከለክላል? እዚህ ላይ አንተ ሠርተህ አሳየን። እኔ አርጅቻለሁ።

ሦስተኛው ነጥብ። ምን እናድርጋት? እዚህ ላይ አጭር ነኝ፣ ምክንያቱም አብዛኛውን ታውቁታላችሁ። የምታውቁትን ማድረግ ነው የቀረው።

ኦቾሎኒ ተነቅሎ ማሳ ላይ በቆየ ቁጥር፣ በተለይ ከዛፎቹ አጠገብ፣ እሷ ጊዜ ታገኛለች። በማታ መጥታ እንቁላሏን ትለጥፋለች። እናንተ ጆንያ ስትሞሉ ደህና ይመስላችኋል። ስለዚህ አድርቁ፣ ግን አታቆዩ። ድርቀቱን እንዴት ታውቃላችሁ? ባቢሌ ያሉ እናቶች ጆሯቸው ላይ አድርገው ይነቀንቁታል። ፍሬው ውስጡ ከተንኳኳ ደርሷል። በመለኪያ የምትሠሩ ደግሞ ፍሬው ወደ 7 በመቶ እርጥበት ሲወርድ ነው። በባዶ መሬት ላይ አታስጡ፣ ሸራ ወይም ምንጣፍ ይኑር።

መጋዘን ላይ አንድ ነገር ብቻ አጥብቄ እናገራለሁ። ጆንያውን አንሱና መሬቱን እዩ። እጩ ሲጠግብ ከኦቾሎኒው ወጥቶ ወደ ታች ይወርዳል። ድሩን የሚሠራው ብዙ ጊዜ ከታች፣ ጆንያው ስር፣ ስንጥቅ ውስጥ ነው። እናንተ አሮጌውን ሸጣችሁ፣ ከላይ ጠርጋችሁ፣ አዲሱን እዚያው ላይ ትደረድራላችሁ። የአምናዋ ለዘንድሮው ትደርሳለች። ወዳጄ መጋዘን ውስጥ የእንጨት ርብራቡን አንስተን ስናይ ነጫጭ ድር በድር ነበር። ያ ሁሉ ከዛፍ አልመጣም። እዚያው የተወለደ፣ የመጋዘን ልጅ ነው! ስንጥቁን ድፈኑ። የተጠረገውን አውጡና አቃጥሉት፣ ደጃፍ ላይ አትድፉት። አሮጌ ጆንያ ከመሙላታችሁ በፊት በፈላ ውኃ ንከሩት።

አሁን ፒክስ ስለሚባለው፣ አየር ስለማያስገባው ከረጢት። ሁለት ላስቲክ ከውስጥ፣ አንድ ማዳበሪያ ከውጭ፣ ሦስት ድርብ ነው። ሥራው የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1987 ካሜሩን ውስጥ ነው። የአሜሪካው ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች ናቸው፣ ካውፒ ለሚባለው፣ ባቄላ ለመሰለው ጥራጥሬ ነቀዝ ብለው ነበር። እንዴት እንደሚሠራ ስሰማ በጣም ነው የገረመኝ። እኔ «ታፍኖ ነው የሚሞተው» ብዬ ነበር የማስበው፣ ብዙ ሰውም እንደዚያ ነው የሚያስበው። ነገሩ ግን ረቀቅ ያለ ነው። ደረቅ ፍሬ ውስጥ ውኃ የለም። ነቀዙ ውኃውን ራሱ ነው የሚሠራው፣ የበላውን ምግብ ከኦክስጅን ጋር አቃጥሎ። ከረጢቱ ሲታሰር ኦክስጅን ያልቃል። ኦክስጅን ሲያልቅ መብላት ያቆማል፣ ውኃ ማግኘትም ያቆማል። ቀስ እያለ በጥም ይሞታል! ኦቾሎኒ ላይም በህንድ ኢክሪሳት በሚባለው የምርምር ተቋም ለዚችው ለእኛዋ ነቀዝ ተሞክሮ ጥሩ ውጤት ሰጥቷል። ሁለት ነገር ብቻ ተጠንቀቁ። ያልደረቀ ኦቾሎኒ አስገብታችሁ ብታስሩ ይሻግታል። የቅርፊቱ ጫፍ ደግሞ ላስቲኩን እንዳይበሳው ቀስ ብላችሁ ሙሉ፣ አትርገጡት።

መጨረሻ ላይ መድኃኒቱ አለ። እዚህ ላይ ቀልድ የለም። የነቀዝ ክኒን የምትሉት፣ ከእርጥበት ጋር ሲገናኝ ገዳይ ጋዝ የሚያወጣው፣ ነቀዝ ብቻ አይደለም የሚገድለው። ሰው ይገድላል። ልጅ ይገድላል። ኦቾሎኒያችሁን አልጋ ስር፣ ወይም ከመኝታችሁ በአንድ ግድግዳ አድርጋችሁ ክኒን የምትከቱ አላችሁ። አውቃለሁ አላችሁ። አንድ ሱቅ በር ላይ ቆሜ፣ አንድ ትንሽ ልጅ ክኒኑን በጋዜጣ ተጠቅልሎ ተሰጥቶት፣ በእጁ ጨብጦ ሲሄድ አይቻለሁ። እኔ የሰው ልጅ ቁጣ ምን እንደሆነ ያወቅኩት ያን ቀን ነው። ባለሱቁን ስናገረው «ሁሉም እንዲህ ነው የሚሸጠው» አለኝ። ሁሉም እንዲህ የሚሸጥ ከሆነ ሁላችንም ተባብረናል ማለት ነው! እባካችሁ፣ ሰው በሚያድርበት ቤት ክኒን አትክተቱ። ልጅ አትላኩ። ግዴታ ከሆነ የሰለጠነ ባለሙያ ጥሩ፣ ሰው በማይኖርበት መጋዘን ይሁን፣ ተዘግቶ ቆይቶ ይናፈስ። ፒክሱ ካላችሁ ደግሞ ክኒኑ ለምን ያስፈልጋችኋል?

ሰዓቴ አልቋል፣ እያዩኝ ነው። አንድ ልመና ብቻ።

ሴኔጋሎች ያደረጉትን እኛም እዚህ መጀመር እንችላለን። ከዛፉ የምትወጣዋና ከጆንያው የምትወጣዋ ዝምድናቸው ምን ያህል እንደሆነ በእኛ ዛፎች ላይ ማየት ነው። ለዚህ እናንተ ታስፈልጉኛላችሁ። መጋዘን ያላችሁ ሰዎች ከጆንያ ስር ድር የተለጠፈበት ኦቾሎኒ አምጡልኝ። ገበሬዎች ደግሞ ማሳችሁ ዳር ካለው ሁመር፣ ካለላችሁም ቅጠሉ ለሁለት ከተከፈለው ዛፍ፣ ያልተከፈተ ፍሬ አምጡልኝ። በጠርሙስ አድርጉት፣ አፉን በጨርቅ እሰሩት። ሁለቱን በአንድ ጠርሙስ እንዳታደርጉ! ጠርሙሱ ላይ የእናንተን ስም ሳይሆን ቦታውንና የዛፉን ስም ጻፉበት። ስሙን በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በሶማሊኛ፣ በሐረሪ፣ እናንተ በምትጠሩበት ጻፉት። ሐረር ያላችሁ እኔ ጋ መምጣት አይጠበቅባችሁም። ሚኒባስ ለምትነዳው ለእህቴ ልጅ ስጡት፣ እዚያ በሩ ጋ ቆሟል፣ ቁጥሩን ውሰዱ።

ወዳጄም የመጀመሪያውን ጠርሙስ ከእሱ ዛፍ እንዲያመጣ ተስማምተናል። እስከዚያ ልጆቹን አሰናብቷቸዋል። አይደል? ራሱን ነቀነቀ፣ ሁላችሁም አይታችሁታል።

ጥያቄ ያላችሁ ማይኩን ያዙ። እማማ ዘሃራ ቀድመው እጃቸውን አውጥተዋል።